ለአረም ተብሎ የቤት ዋጋ ይሰበራል እንዴ?

የአሸዋው ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ጀማዓ። እንግሊዝ አገር ቤት የሸጣችሁ ወይም የገዛችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

አክስታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኮቨንትሪ ያለውን ቤቷን ለእኔና ለታላቅ እህቴ ተናዝዛልን አረፈች። እህቴ እዚያው ነው የምትኖረው። የኑዛዜው አስፈጻሚም እሷ ናት። እኔ ድሬ፣ አሸዋ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ እንግሊዝን የማውቃት በኳስ ብቻ ነው። ቤቱ 240,000 ፓውንድ ተገመተ፣ ገዢም ተገኘ ተባለና ደስ ብሎን ነበር። ሰሞኑን እህቴ ደወለችና «ጓሮው ውስጥ ጃፓኒዝ ኖትዊድ የሚባል አረም ተገኘ፤ ገዢው 25,000 ቀንሱልኝ ብሏል» አለችኝ።

ለአረም! አቦ፣ እዚህ ስንቱ ሰው ጊቢው ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ አብቅሎ ነው ቤቱን የሚሸጠው። ገዢ የሚጠይቀው ካርታው ንጹሕ ነው ወይ፣ ውሃ ይመጣል ወይ፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ይደርሳል ወይ ነው። በእሾህ ምክንያት ዋጋ የሰበረ ሰው አላየሁም።

የአጎቴ ልጅ «ሠራተኛ ቀጥራችሁ አስነቅሉት፣ አፈር አልብሱት፣ ዝም ብላችሁ ሽጡ» ይላል። ይህን ለእህቴ ስነግራት ጮኸችብኝ። ለምን ጮኸች ብዬ ደግሞ ጥርጣሬ ገባኝ። 25,000 ፓውንድ ወደ ብር ሲመታ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ?

ሊድስ ነኝ፦

አለ። የለገሀሬ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ። መጀመሪያ የአጎትህን ልጅ ምክር እርሳው።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሻጭ የሚሞላው ቲኤ6 የሚባል ቅጽ አለ። ቅጹ ይህን አረም ስሙን ጠርቶ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ»፣ «የለም» ወይም «አላውቅም» ነው። ቤቱ ውስጥ ስላልኖራችሁ ድሮ ቢሆን «አላውቅም» ማለት ትችሉ ነበር። አሁን ግን አውቃችኋል። «የለም» ብሎ የሞላ አንድ የለንደን ሻጭ ገዢው አረሙን ከጓሮ መጋዘኑ ጀርባ አገኘውና ከሰሰው። በፈረንጅ 2023 32,000 ፓውንድ ካሳ ተፈረደበት። የፍርድ ቤትና የጠበቃ ወጪው ደግሞ ከካሳው በብዙ በለጠ። እህትህ የጮኸችው ቅጹ ላይ የምትፈርመው እሷ ስለሆነች ነው።

አረሙን እዚህ ያመጡት ለጌጥ ብለው ነው፤ በ1850 ለንደን ኪው የዕፅዋት መናፈሻ ገባ። እናንተ ጋ ክረምት ሲሆን እዚህ በጋ ነው፤ ያኔ ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። ግንዱ ሸንበቆ ይመስላል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቀያይ ነጠብጣብ አለው። የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ፣ ሲመጣ ደርቆ ይወድቅና የሞተ ይመስላል። ሥሩ ግን ከታች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ባለ እርሻው፦

ሊድስ፣ ትንሽ አላጋነንክም? እኔ በሽንሌ መንገድ በኩል ፕሮሶፒስ ስነቅል የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱም ለጥቅም ተብሎ ነው የመጣው። ከላይ ከቆረጥከው ከጉቶው በእጥፍ ያቆጠቁጣል። ፍየሉና ግመሉ ፍሬውን በልቶ በፋንድያው ይዘራልሃል። ግን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከአፈር በታች ገብተህ ጉቶውን ከቆረጥከው ያ ዛፍ አለቀለት፤ ከዚያ በኋላ የምትታገለው ከዘሩ ጋር ነው። ያኛውንስ ጥሩ አድርጎ መቆፈር ነው እንጂ ምን ይላል?

ሊድስ ነኝ፦

አቦ ባለ እርሻው፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፕሮሶፒስ የሚያቆጠቁጠው ከጉቶው ነው። ኖትዊድ ግን ከጥፍር የማይበልጥ የሥር ቁራጭ ይበቃዋል። እንግሊዝ ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል ሴት ነው፣ አንድ ዓይነት ተክል። አገሩን ያዳረሰው ያለ ዘር ነው፤ ሰው እየቆፈረ፣ አፈር እያጓጓዘ፣ ወንዝ እየወሰደው። በአካፋ የሚቆፍር ቀን ሠራተኛ ካስገባህበት አንዱን ቦታ አሥር ታደርገዋለህ።

ከተቆፈረም አፈሩ ለዚህ ፈቃድ ባለው ድርጅት ተጭኖ ፈቃድ ባለው ቦታ ነው የሚጣለው። ጓሮህ ውስጥ መኖሩ ወንጀል አይደለም። ወደ ዱር እንዲዛመት ማድረግ ግን ከ1981 ጀምሮ ያስከስሳል።

የተለመደው መንገድ ግላይፎሴት የሚባል የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ነው። አበባው ካበበ በኋላ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ተክሉ ምግቡን ወደ ሥሩ ስለሚያወርድ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። በአንድ ዓመት አያልቅም፣ ለተከታታይ ዓመታት ይደጋገማል።

ኡሙ ረያን (በርሚንግሃም)፦

የሐረር ሰው ነኝ፣ ጀጎል ያደግኩ። ይህ ነገር ያለበት ቤት ሸጫለሁ። ሊድስ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ወሳኙን ነገር ዘሎታል። አረሙ እውነት ነው። 25,000ው ግን ድርድር ነው!

ወንድሜ፣ የአንድ ተራ ጓሮ የመድኃኒት ሕክምና ጥቂት ሺህ ፓውንድ ነው። የሚፈለገው በሙያው የሚሠራ ድርጅት የጻፈው የሕክምና ዕቅድ ነው፣ ከሱም ጋር ኢንሹራንስ የቆመለት ዋስትና፤ ብዙውን ጊዜ የ10 ዓመት ነው። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳን ኢንሹራንሱ ይቀጥላል። ዋስትናው ለአዲሱ ባለቤት የሚተላለፍ መሆኑን አስረግጣ ትጠይቅ። ገዢው በባንክ ብድር ከሆነ የሚገዛው፣ ብዙ ባንኮች ያለዚህ ወረቀት ብሩን አይለቁም። ወረቀቱ ሲመጣ የገዢው አፍ ይሰበሰባል፣ ወላሂ።

ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅም ይለካ። ድሮ ገማቾቹ 7 ሜትር ድረስ ያስፈራሩ ነበር። በ2022 የወጣው የገማቾች ማኅበር መመሪያ ወደ 3 ሜትር አውርዶታል። ከዚያ በፊት በ2018 የወጣ ጥናትም ለሕንፃ ከብዙ ዛፎች የበለጠ አደጋ የለውም ብሏል። ሊድስ፣ እናንተው ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎበታል እኮ፣ አልሰማህም? በቤት ላይ ዋናው ጉዳቱ የሰው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ በወረቀት ይቀንሳል።

ጥርጣሬህን በተመለከተ፦ አስፈጻሚ ስለሆነች የአንተ ፊርማ ላያስፈልጋት ይችላል፣ ግን ለአንተም ተጠሪ ናት። የገማቹን ሪፖርትና የገዢውን ጽሑፍ ላኪልኝ በላት። ቁጣ አያስፈልገውም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ቤት በስንት እንደተሸጠም ሚስጥር አይደለም። የመንግሥት የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሱቅህ ቁጭ ብለህ በስልክህ ታየዋለህ።

የአሸዋው ልጅ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሪፖርቱን ጠየቅኳት፣ በዚያው ቀን ላከችው፣ ከነፎቶው። አረሙ ከቤቱ ግድግዳ 6 ሜትር ይርቃል፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። የመዝገቡን ነገር ስነግራት ሳቀች። «ለጥርጣሬ ድረ ገጽ አገኘህ ማለት ነው» አለችኝ። ከሁለት ድርጅት ዋጋ ልትጠይቅ ተስማምተናል፤ ገዢው ካልጠበቀ ሌላ ይመጣል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ። ጓሮውን የሚያጭድ ሰው አለ፣ አክስቴ በነበረችበት ጊዜ የነበረ። እስከዚያ ይቀጥል?

ሊድስ ነኝ፦

ኡሙ ረያን፣ ጥናቱን ረስቼው ነበር፣ ተቀብያለሁ።

አጫጁ ሌላውን ጓሮ ይጨድ፣ እዚያ ጥግ ግን ዝር አይበል። ማሽኑ ይበትነዋል። የረገፈውንም ቢሆን የሣር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይጨምረው። እና ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጎረቤት ጠይቁት፤ እሱም ጋ ካለ የእናንተን ብቻ ማከም ገንዘብ መበተን ነው። ድርጅቱ ሊለካ ሲመጣ ሁለቱንም ጓሮ አንድ ላይ ይይ።