በፍስክ ቀንም የእንስሳት ተዋጽኦ የማይመገብ ሠራተኛ የሕግ ጥበቃ አለው ወይ?

ጥያቄ (ጅማ)
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እንስሳን ለምግብ ብሎ ማረድም ሆነ ማሠቃየት ትክክል አይደለም ብዬ ስለማምን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ማርም አልቀምስም፤ ይህ ደግሞ እንደ ጅማ ባለ የማር አገር ዘመዶቼን እስከ ዛሬ ያስገርማቸዋል። ድርጅቱ ለሠራተኛው ምሳ ያቀርባል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ችግር የለብኝም፤ በፍስክ ቀን ግን ሽሮውም ምስር ወጡም ቅቤ ይገባበታል። ቅቤው ከመጨመሩ በፊት ጥቂት በትንሽ ድስት እንዲቀነስልኝ ጠይቄ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ በደስታ ቢቀበሉኝም፣ የአስተዳደር ኃላፊው «እኛ የምናከብረው ሃይማኖትን ነው፤ ያንተ የግል ምርጫ ነው» ብለው ከለከሏቸው። ለበዓል በሬ ተገዝቶ ቅርጫ ሲገባም መደብ እንደማልወስድ አስቀድሜ በጽሑፍ ባሳውቅም፣ ገንዘቡ ከደመወዜ ተቆርጦ አገኘሁት። ሃይማኖት ያልሆነ፣ ነገር ግን ከልብ የተያዘ እምነት በሕጋችን ይጠበቃል?

መልስ 1 (ጠበቃ)
ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተው ይያዟቸው። የቅርጫው ገንዘብ የእምነት ክርክር ሳያስፈልገው የሚፈታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 እንደሚደነግገው፣ አሠሪ ከደመወዝ ሊቆርጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድለት፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። የእርስዎ ጽሑፍ የተቃውሞ እንጂ የስምምነት አይደለም፤ ቅጂው በእጅዎ ይኑር።

የምሳው ጉዳይ ይከብዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሚጠብቀው ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የማሰብና የሕሊና ነጻነትንም ጭምር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 18 ይህንኑ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በዚያው ዓመት ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 22 ደግሞ እምነት የሚለው በሰፊው እንዲተረጎም፣ በአምላክ መኖር ላይ ያልተመሠረተ እምነትም እንዲጠበቅ፣ የአመጋገብ ሥርዓትም እምነት ከሚገለጽባቸው መንገዶች አንዱ እንደሆነ አስፍሯል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 13 መብቶቹ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ስለሚያዝ፣ ሃይማኖት ካልሆነ አያገባንም የሚለው የኃላፊው አቋም ደካማ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ የሠራተኛ አዋጁ በአንቀጽ 14 የሚከለክለው አድልዎን ነው፤ ሃይማኖትን በስም ከጠራ በኋላ ሌሎች ምክንያቶችንም ይጨምራል፤ አሠሪው ለአንድ ሠራተኛ የተለየ ምግብ እንዲያበስል ግን በቀጥታ አያስገድድም። ስለዚህ አቤቱታዎ «የተለየ ይሠራልኝ» ሳይሆን «ለጾመኛ የሚደረገው ለእኔ ተከለከለ» የሚል ቢሆን ይጠነክራል።

መልስ 2 (የሕግ ተማሪ)
ሌሎች አገሮች የሄዱበትን ማየት ይረዳል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ ከሃይማኖት ጋር የፍልስፍና እምነትንም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ጆርዲ ካሳሚትጃና ባቀረበው ክስ፣ በኖርዊች የተቀመጠው የሥራ ክርክር ችሎት፣ በሥነ ምግባር ምክንያት ከማንኛውም የእንስሳት ውጤት መራቅ የተጠበቀ እምነት ነው ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 ግን ሥጋ ብቻ የማይበላ አንድ የሆቴል ሠራተኛ ተሸንፏል፤ ችሎቱ ሰዎች ሥጋን የሚተዉት ለጤናም ለሌላም በተለያየ ምክንያት ስለሆነ አንድ ወጥ እምነት አይታይበትም ብሎ ነው። ሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔዎች በመሆናቸው እዚያም ቢሆን ሌላውን ችሎት አያስገድዱም። ለጠያቂው ያለው ትርጉም ግን ግልጽ ነው፤ ጉዳዩ የጣዕም ሳይሆን አኗኗርዎን ሁሉ የሚመራ እምነት መሆኑን ማሳየት ይኖርብዎታል፤ ማርን እንኳ መተውዎ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

መልስ 3 (የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ)
የጠያቂውን ቅንነት አልጠራጠርም። ነገር ግን ጾም የታወቀ ቀንና ሥርዓት ስላለው ወጥ ቤቱ አስቀድሞ ያቅዳል። የእያንዳንዱ ሰው እምነት ወደ ድስት የሚገባ ከሆነ፣ በጀቱ ውስን የሆነ ድርጅት የት ድረስ ይችለዋል?

መልስ 4 (የሂርማታ ነዋሪ)
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እዚሁ ጅማ በምሠራበት ቦታ ለበዓል ሲታረድ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ነው፤ ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ ሳይቀር ይለያል። ወጪና ድካም ቢኖረውም በዝቷል ያለ ሰው አላየሁም፤ አብረን የኖርነው እንዲህ እየተጠባበቅን ነው። ጠያቂው ወንድማችን የለመነው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያው ሽሮ፣ ቅቤ ሳይነካው ቀድሞ ይቀነስ ነው ያለው። ይህን መከልከል የበጀት ጉዳይ አይመስለኝም።

መልስ 5 (ጠበቃ)
የሂርማታው ወንድማችን ያነሱት ነጥብ በፍርድም ክብደት ያለው ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 አንድ የቡድሃ እምነት ተከታይ እስረኛ ሥጋ የሌለበት ምግብ በመከልከሉ ፖላንድን ጥፋተኛ ያደረገው፣ ምግቡ የተለየ አሠራርም ሆነ የተለየ ግብአት እንደማያስፈልገው አገናዝቦ ነው። ለመልስ 3 ጥያቄም ወሰኑ እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ የተጠየቀው ነገር ሌላውን ሳይጎዳ በቀላሉ የሚፈጸም መሆን አለመሆኑ ነው የሚታየው።

ለጠያቂው፦ ማመልከቻዎን በጽሑፍ ለሥራ አስኪያጁ ያስገቡና መቀበላቸውን በፊርማ ያረጋግጡ። የወጥ ቤት ሠራተኞቹን ስም ግን አይጥቀሱ፤ ለእርስዎ ባደረጉት በጎነት እንዳይጎዱ። መልስ ካላገኙ ከተማው ውስጥ የሥራ ሁኔታን ለሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። የደመወዝ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ የቅርጫውን ገንዘብ ጉዳይ ከምሳው ጋር አያቆዩት።