የቦኖው እጣቢ ወዴት ይሂድ? ከሐይቅ አካባቢ የቀረበ ጥያቄና መልሶች

ጥያቄ (መምህር፣ ተሁለደሬ)፦
ሰላም ወገኖቼ። የምንኖረው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ባለች ሰፈር ነው። ቦኖ ከገባልን ወዲህ ውሃ አልቸገረንም፤ እጣቢው ግን መሄጃ አጣ። የልብሱ፣ የዕቃው፣ የቡሃቃው እጣቢ ሁሉ ከቦኖው ሥር ተጠራቅሞ አረንግዷል። ዶሮዎች ይጠጡታል፣ ሕፃናት ይንቦጫረቁበታል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። በቅሬያችን (በእድራችን) ስብሰባ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ቆፍረን የመጸዳጃውንም የእጣቢውንም ወደዚያው እናስገባ ተብሏል። አፈሩ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ነው፤ ከታች በኩል ደግሞ በእጅ የተቆፈረ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ አለ። እኔ የምፈራው ለእርሱ ነው። ቦኖውን የምንጠቀመው 15 ቤቶች ነን።

መልስ (የውሃ ቴክኒሻን፣ ኮምቦልቻ)፦
መፍራትህ ትክክል ነው ወንድሜ። ሁለቱን በፍጹም አታደባልቁ። ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ዓይነ ምድር ብዙም ርቆ አይሄድም፤ እጣቢ ሲጨመርበት ግን ውሃው በሽታውን ይዞ ይሰርጋል። መጸዳጃው ደረቅ ሆኖ ይቆይ፣ አመድ ይነስነስበት፤ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ለእጣቢው መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑ። ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ሌሊቱን ይርጠብ። ጠዋት እንደገና ሞልታችሁ በእንጨት ለኩ። በሰዓት 2.5 ሳንቲሜትር እንኳ ካልወረደ የማስረጊያ ጉድጓድ አይሠራላችሁም። ሳታርሱ እንዳትለኩ አደራ! በበጋ ዋልካ ስለሚሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ይገባና ያታልላችኋል።

መልስ (ገበሬ፣ ባቲ)፦
ክፍት ኩሬ ቢሆንስ? ፀሐዩ ያደርቀዋል፤ ወጪውም ቀላል ነው።

መልስ (የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሃርቡ)፦
ወንድሜ፣ ኩሬ ታጥሮ በደንብ ካልተጠበቀ የትንኝ መፈልፈያ ነው፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት አጠገብ ደግሞ አልመክርም። በክረምት ሞልቶ ሲፈስም ያው ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባበት ሳሙናና ቆሻሻ እዚያው ይከማቻል።

ጠያቂው፦
እንደተባለው አርሰን ለካን፤ ውሃው ከቦታው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። አሁንስ?

የውሃ ቴክኒሻኑ፦
እንግዲያው እጣቢው በጠጠርና በተክል ሥር መካከል እያለፈ የሚጣራበት የጠጠር መደብ ሥሩ። ለማስረጊያ ጠላት የሆነባችሁ ዋልካ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ ተረግጦ ሲጠቀጠቅ ውሃ አያሳልፍም። ከደረቀ ግን ይሰነጠቃልና ጠጠሩ እስኪገባ ድረስ እርጥብ ይሁን፤ አቅም ካለ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉበት።

በየቤቱ 5 ሰው ብንል 75 ሰው ነው፤ የእያንዳንዱን እጣቢ በቀን 20 ሊትር ብናደርገው 1,500 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ ከላይ ክዳን ያለው 4 ሜትር ኩብ የማጥለያ ገንዳ ይሠራል፤ ውሃው ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ዝቃጩ ከታች፣ ቅባቱ ከላይ ይቀራል። ቀጥሎ 75 ካሬ ሜትር መደብ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ በታጠበ የወንዝ ጠጠር ይሞላል፤ ፊላ ወይም ሸምበቆ ይተከልበታል። የመውጫውን ቱቦ ከፍታ ስታስተካክሉ ውሃው ከጠጠሩ የላይኛው ገጽ በታች እንዲቆይ አድርጉ፤ ያኔ ትንኝም አይራባ፣ ሽታም አይኖር። ጭቃ ያለበት ጠጠር ቶሎ ስለሚደፈን ማጠቡን አትለፉት። የክረምቱ ጎርፍም እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ይውጣለት።

ጠያቂው፦
45 ሜትር ኩብ ጠጠር ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም። ሆኖም ወንዙ ቅርብ ነው፤ ቅሬው በደቦ ይወጣዋል። በሚወጣው ውሃ ሰላጣና ቲማቲም ማልማት እንችላለን?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፦
ጥሬውን ለሚበላ አትክልት አይሆንም፤ ቢጠራም ጀርም አያጣም። ለዝሆን ሣር፣ ለሙዝ፣ ለባሕር ዛፍ አውሉት። ከገንዳው የሚወጣውን ዝቃጭም ትኩሱን እርሻ ላይ አትድፉት፤ የወስፋት እንቁላል ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጉድጓድ ውስጥ ተሸፍኖ ሁለት ዓመት ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዳውን የሚጠርግ ሰው ከአሁኑ ይመደብ። በስብሰባው እናቶች ይናገሩ፤ እጣቢውን የሚደፉት እነሱ ናቸው። መድፊያው ላይ ወንፊት ይደረግ፣ የሊጥና የምግብ ትራፊው እዚያው ይቀራል። የቦኖው ጠባቂ የጥበቃ ክፍያ ካለው በዚያው ላይ ትንሽ ተጨምሮለት ወንፊቱን በየማታው ያራግፍ።