የድሮው ሃርድ ዲስክ ይሽከረከር ወይስ ይረፍ?

ለክርክር የቀረበው፦ ለሕዝብ የሚታይ አሮጌ ማይክሮኮምፒውተር በራሱ ሃርድ ዲስክ ይሥራ? ወይስ ዲስኩ ወጥቶ በሚሞሪ ካርድ ይተካ?

ጠያቂዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። በበጎ ፈቃድ በማገለግልበት የድሮ ዕቃዎች ስብስብ ውስጥ የኤክስቲ (የአይቢኤም የድሮ ፒሲ ሞዴል) ዘመን ኮምፒውተር አለ፤ ፕሮሰሰሩ 8088 ነው። ለተመልካች ሲቀርብ እንደ ድሮው ራሱ ቡት አድርጎ እንዲሠራ ይፈለጋል። ሃርድ ዲስኩ 20 ሜጋባይት ሲሆን ለዓመታት አልበራም። ትናንት ስናበራው ሞተሩ ተነሣ፣ ሄዱ (ዲስኩ ላይ የሚያነበውና የሚጽፈው ክፍል) ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ 1701 የሚል የስሕተት ቁጥር ወጣ። ደንግጬ አጠፋሁት። ግማሾቹ ባልደረቦቼ «ጠግኚው» ይላሉ፣ ግማሾቹ «አውጪውና ካርድ አስገቢበት»። ንብረቱ የሕዝብ ነውና ብቻዬን ልወስን አልፈለግኩም።

የድሮ ቴክኒሽያን፦ አይዞሽ እህቴ፣ 1701 ብዙ ጊዜ ያየሁት ቁጥር ነው። ኮንትሮለሩ (ማሽኑ ውስጥ ዲስኩን የሚያዘው ሰሌዳ) ዲስኩን ጠይቆ መልስ አጣ ማለት ነው፤ ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም። የዚህ ዓይነት ድራይቭ ሄዱን የሚያንቀሳቅሰው በስቴፐር ሞተር ነው። «ይህን ያህል እርምጃ ሂድ» ሲባል ይሄዳል፤ ትራኩ (ዳታ የሚጻፍበት ክብ መስመር) ላይ በትክክል መቆሙን የሚነግረው ምልክት ግን ዲስኩ ላይ የለም። ብረቱ ሲያረጅ፣ ሙቀቱ ሲለዋወጥ፣ ሄዱ የሚቆምበት ቦታና ትራኩ የተጻፈበት ቦታ በጥቂቱ ይለያያሉ። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ግማሽ ሰዓት ያህል አሙቂው፣ ከዚያ ሎው ሌቨል ፎርማት አድርጊው። ትራኮቹ ዛሬ ሄዱ በሚቆምበት ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይጻፋሉ። እኔ በዚህ መንገድ ያስነሣኋቸው ድራይቮች ዛሬም ይሠራሉ። ሕዝብ ሊያየው የሚገባው ይህንኑ ዲስክ ነው።

መዝገብ ጠባቂ፦ ጋሼ፣ ልምድዎን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ከእርስዎ ጋር አልስማማም። እህቴ፣ እባክሽ ይህን ፎርማት እንዳታስጀምሪ። ዲስኩ ሊሠራ ይችላል፣ የሚሠራው ግን ባዶውን ነው። የዶስ (የዚያ ዘመን ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ተራ ፎርማት ሃርድ ዲስክ ላይ ማውጫውን ቢያጠፋም ፋይሉ ያለበትን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ሎው ሌቨል ፎርማት ግን እያንዳንዱን ትራክ ከነአድራሻው ደግሞ ይጽፈዋል። ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር የለም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይሆናል።

ድራይቩ በፋብሪካ በብዛት የተመረተ ዕቃ ነው። ቢሰበር አምሳያው ሌላ ቦታ ይገኛል። በላዩ የተጻፈው ግን ሌላ የትም የለም። የ20 ሜጋባይት ድራይቭ የተለመደ ልኩ 615 ሲሊንደር (በየገጹ በአንድ ርቀት ላይ ያሉ ትራኮች ስብስብ)፣ 4 ሄድ፣ በትራክ 17 ሴክተር (የትራክ ቁራጭ) ነው፤ ሲባዛ 41,820 ሴክተር፣ እያንዳንዱ 512 ባይት። በድምሩ 21,411,840 ባይት። ለዛሬ ስልክ ጥቂት ፎቶ ነው፤ ያኔ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመታት ደብዳቤና ሒሳብ ይችላል። ለሕዝብ አደራ የተሰጠ ነገር መጀመሪያ ይነበባል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ይጠገን ወይስ ይተካ» የሚባለው።

ካርድ ይበቃል፦ እኔ ከሁለታችሁም አልሆንኩም። ዲስኩን አውጥታችሁ በክብር አስቀምጡትና ጨርሱ። ለኤክስቲ የሚሆን ባለ 8 ቢት የአይዲኢ (የኋለኛ ዘመን የዲስክ ማገናኛ) ካርድ አለ፣ የሚያስነሣው ባዮስም (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) በነፃ የሚገኝ ነው። በላዩ ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ሚሞሪ ካርድ ትሰካላችሁ፣ ዶስ ይጫናል፣ አለቀ። ጫጫታ የለም፣ ሙቀት የለም፣ ፓወር ሰፕላዩም አይጨነቅም። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣው ኤክስቲ 130 ዋት ያስፈለገው በከንቱ አይደለም። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኃይል ቀላል አይደለም፣ ያረጀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው የሚሄደው። በየቀኑ ሰው የሚነካካው ማሽን ላይ ያረጀ ዲስክ ማሽከርከር ጭካኔ ነው። ተመልካቹ የሚያየው ስክሪኑን ነው።

የድሮ ቴክኒሽያን፦ ስክሪኑን ብቻ ከሆነማ ፎቶ ይበቃው ነበር! ልጄ፣ ያ ማሽን እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚነግረው ዲስኩ ነው። ላሳይህ። ዲስኩ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 60። 8088 አንዱን ሴክተር ተቀብሎ ቦታው እስኪያደርስ ቀጣዩ ከሄዱ ሥር አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሴክተሮቹ በተራ አልተጻፉም፤ 1፣ 7፣ 13፣ 2፣ 8፣ 14፣ 3፣ 9፣ 15 እየተባለ ተሰባጥረው ነው። ከ1 ቀጥሎ 2 የሚመጣው በመሃል ሁለት ሴክተር ካለፈ በኋላ ነው፤ ፕሮሰሰሩ እፎይ የሚልባት ጊዜ ያቺ ናት። አንዱን ትራክ ለመጨረስ ሦስት ዙር ይፈጃል። በካርድህ ስትተካው ይህ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ማሽኑ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱ ግን የራሱ አይደለም። ይህን የፈጠረ መሐንዲስ ድካሙን ማን ያየዋል?

አዲስ ገቢ፦ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሃርድ ዲስክ ድምፅ ባልነበረው ዘመን ነው። ሴክተር ተሰባጥሮ ይጻፍ እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት፣ ደስ ብሎኛል። ግን የጋሼን ወገን እንድይዝ የሚያደርገኝ ያው ድምፁ ነው፤ አንድ ጊዜ በአካል ብሰማው እወዳለሁ።

ኢሙሌተር ሠሪ፦ መካከለኛ መንገድ እንዳለ ልንገራችሁ፤ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። በቢግልቦን (ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) ላይ የሚሠራ የኤምኤፍኤም (እንዲህ ያሉ የድሮ ድራይቮች ዳታ የሚጻፍባቸው ዘዴ) አንባቢና አስመሳይ አለ። ይህ ዕቃ ድራይቩን ይተካል እንጂ ኮንትሮለሩን አይነካም። ባለ 34 ፒኑ የትእዛዝ ኬብልና ባለ 20 ፒኑ የዳታ ኬብል እንደነበሩ ይሰካሉ፤ ኮንትሮለሩ ከድራይቭ ጋር ያወራ ይመስለዋል። ትራኩን እንዳለ ስለሚይዝም ጋሼ ያሉት መሰባጠር አይጠፋም፣ ማሽኑ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይኸው መሣሪያ በመጀመሪያ አንባቢ ሆኖ ያገለግላል። ያለ ኮንትሮለሩ በቀጥታ ከዲስኩ ያነባል፣ ያልተነበበውን ደጋግሞ ይሞክራል፣ አንዳች ነገር አይጽፍም።

እህቴ፣ ከማንበብሽ በፊት ሦስት ነገር አድርጊ። ድራይቩ ላይ የ12 ቮልቱን መስመር ከግራውንድ ጋር በሜትር ለኪ፤ ታንታለም ካፓሲተሮች ሲያረጁ ሾርት ያደርጋሉ። ድራይቩ በማሽኑ ውስጥ ጠፍጣፋ ተኝቶ ከነበረ ሲነበብም ተኝቶ ይሁን። ሽፋኑን ደግሞ ለማየት ብለሽ እንኳ እንዳትከፍቺው፤ አንድ ብናኝ ሄዱን ያበላሸዋል።

ካርድ ይበቃል፦ እሺ፣ ይህኛው ከእኔ ሐሳብ ይሻላል። ካርዱን ለቤቴ ማሽን አቆየዋለሁ።

ጠያቂዋ፦ ዘግይቼ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። አንባቢውን አግኝተን ሁለት ቀን ስንሠራ ሰነበትን። ካፓሲተሮቹ ደህና ነበሩ። ድራይቩን አሙቀን፣ ጠፍጣፋ አስተኝተን አነበብነው። 3 ትራክ ሙሉ በሙሉ እምቢ አለ፤ ልቤ ወረደ። ከዚያ ድራይቩን ገልበጥ አድርጌ የላዩን ወረቀት ሳነብ ፋብሪካው ራሱ በታይፕ የጻፈው የብልሽት ዝርዝር ላይ እነዚያው ሦስቱ ከነሲሊንደራቸውና ከነሄዳቸው ተመዝግበዋል! ከመጀመሪያውም ምንም አልተጻፈባቸውም ማለት ነው። ከእነሱ ውጪ ያጣነው 4 ሴክተር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የ1701ን ጉዳይ ስሙ። ኮንትሮለሩ ላይ ባለ 20 ፒን መሰኪያው ሁለት ነው፣ አንዱ ለመጀመሪያው ድራይቭ፣ አንዱ ለሁለተኛው። አንድ ሰው ድሮ ሲያጸዳ ነቅሎ የዳታ ኬብሉን በሁለተኛው ላይ መልሶታል። የትእዛዙ ኬብል ትክክል ስለነበር ሄዱ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚያነበው ግን ለማንም አይደርስም። ኬብሉን ወደ ቦታው ስመልሰው ማሽኑ ቡት አደረገ።

የድሮ ቴክኒሽያን፦ ኬብሉን መጀመሪያ እይ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ፎርማቱን ብታደርጊው ኖሮ በእኔ ምክር ነበር። ተሳስቻለሁ፣ እመቤቴ። ዲስኩ መሽከርከር አለበት የሚለውን ግን አልለቅም። የቆመ ዲስክ ዘላለም አይቆይም፤ ሄዱ ከሳህኑ ጋር ይጣበቃል፣ ቅባቱ ይደርቃል።

መዝገብ ጠባቂ፦ ኮፒው ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ እኔም አልከለክልም ጋሼ። በየቀኑ ይሁን ካሉኝ ግን አሁንም እቃወማለሁ።

ጠያቂዋ፦ የተስማማነው እንዲህ ነው። ለየቀኑ ተመልካች አስመሳዩ ይሠራል። በወር አንድ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ እውነተኛው ዲስክ ተሰክቶ ይነሣል፣ ድምፁ ይሰማል። ድራይቩ ሲጠፋ ሄዱን ዳታ ከሌለበት ቦታ ራሱ የሚያሳርፍ ዓይነት ስላልሆነ ከማጥፋታችን በፊት የማሳረፊያውን ፕሮግራም እናስኬዳለን፤ ይህን በትልቁ ጽፌ ማብሪያው አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው። ኮፒው ውስጥ የሰዎች ደብዳቤ አለ፣ ከነስማቸው። አንዱን እስከ ሁለተኛው መስመር አንብቤ ዘጋሁት። ይህ ለሕዝብ ይታይ?

መዝገብ ጠባቂ፦ አይታይ። ሙሉው ኮፒ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ አስመሳዩ ላይ ዶስና ፕሮግራሞቹ ብቻ ያሉበት ሌላ ኮፒ ይጫን። የጻፉት ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው ሊኖሩ ይችላሉ፣ እነሱ ሳይጠየቁ ማንም አይክፈተው።

አዲስ ገቢ፦ በወር አንዴ የሚነሣው የትኛው ቀን ነው? ልምጣ።