ወደ ውጭ የምትሄዱ ተማሪዎች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ዋና ተማሩ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ትላንት አራት ኪሎ እናቴ ቤት የአክስቴን ልጅ ልንሸኝ ተሰብስበን ነበር፣ አሜሪካ ሲያትል ማስተርሱን ሊማር ነው፣ ትምህርቱ መስቀል ሰሞን ይጀምራል። ሻንጣው ውስጥ በርበሬው ሽሮው ድርቆሹ ዳቦ ቆሎው ሁሉም ገብቷል፣ ወፍራም ጃኬትም ተገዝቷል፣ እና ወደኔ ዞረው "አንቺ እዛ ስድስት ዓመት ኖረሻል፣ ምን ቀረ?" ሲሉኝ "ዋና ይማር" አልኩ። ቤቱ ጭጭ አለ። አክስቴ ሲኒዋን አስቀምጣ "ልጄ የሚሄደው ለትምህርት ነው፣ ውሃ ምን ያረግለታል?" አለች፣ እናቴ ደሞ ተከትላ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አለች። እዛው መልስ መስጠት አቃተኝ፣ ማታ እንቅልፍም እምቢ አለኝ፣ ስለዚ እዚህ በደንብ ልፃፈው፣ ሌላም የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ታነቡታላችሁ።

ሲያትልን የማታውቁ፣ ከተማው በውሃ የተከበበ ነው። በምዕራብ ፒውጀት ሳውንድ የሚባለው ባህር፣ በምስራቅ ሌክ ዋሽንግተን፣ መሃሉ ላይ ሌክ ዩኒየን። 520 የሚሉት መንገድ ሀይቁን የሚያቋርጥበት ድልድይ ራሱ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ኮንክሪት ነው፣ የአሁኑ በፈረንጆች 2016 የተከፈተ፣ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ከዓለም ተንሳፋፊ ድልድዮች ረጅሙ። የኛ ሰው የሚበዛበት ሬይነር ቫሊ ደሞ ከሀይቁ በእግር የሚደረስ ነው። እነሱ በጋ በሚሉት በሰኔና በሐምሌ ልጆቻችን ውሃ ዳር ናቸው፣ የክፍል ጓደኛ ልደት ውሃ ዳር፣ ባርቤኪው ውሃ ዳር፣ እናትና አባት ግን ከዳር ቆመው ነው የሚያዩት፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ዘለው ገብተው ማውጣት አይችሉም። እኔን ሁሌ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እኔም እንደዛው ነበርኩ። ከሀይቁ አስር ደቂቃ እየኖርኩ አንድ ቀን እጄን አልነከርኩበትም። ክረምታቸውን ታውቁታላችሁ፣ ታህሳስ ላይ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ዝናቡ አያባራም፣ ከላብራቶሪ ወደ ቤት ከቤት ወደ ላብራቶሪ፣ ሰው የማናግረው እሁድ ቤተክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነበር። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ስትወጣ የዩኒቨርሲቲው የውሃ ዳር መዝናኛ ማዕከል በር ላይ ለጀማሪዎች የሴሊንግ ትምህርት የሚል ወረቀት አየሁ፣ የባለሸራ ጀልባ ማለት ነው፣ ሞተር የለውም በንፋስ ብቻ የሚሄደው። የተማሪ መታወቂያ ላለው ዋጋው ትንሽ ነበር። ልመዘገብ ገባሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ትዋኛለሽ?" ነው። ፈተናው ከባድ አይደለም፣ የተወሰነ ርቀት መዋኘትና ሳይጨነቁ ተንሳፎ መቆየት ነው፣ ፍጥነት የሚለካ የለም። እኔ ግን አልችልም ነበር። ልጅቷ በጣም በትህትና የጂሙን ገንዳ አሳየችኝ፣ ለአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል አለ አለችኝ፣ እና አንድ ሙሉ ኳርተር፣ አስር ሳምንት፣ ገንዳ ውስጥ ስንፈራገጥ ከረምን። ስጨርስ የፀደዩ ትምህርት አልቋል። ከአዲስ አበባ ተምሬ ብሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜ አይባክንም ነበር፣ ትላንት ልል የፈለኩትም ይቺን ነው።

ትምህርቱ ራሱ እንዴት ነው ለምትሉ፣ የመጀመሪያው ቀን ውሃ ላይ አይወጣም። አስተማሪያችን ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ ላይ አቁሞ "አይናችሁን ጨፍኑ፣ ንፋሱ በሁለቱም ጆሯችሁ እኩል እስኪሰማችሁ ፊታችሁን አዙሩ" አለን። እኩል ሲሰማሽ ፊትሽ በትክክል ንፋሱ ወደሚመጣበት ዞሯል ማለት ነው። እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ እናቴ ሰገነት ላይ የምታሰጣው አንሶላ ነው፣ በልጅነቴ ወዴት እንደሚነፍስ እሱን አይቼ ነበር የማውቀው፣ እንዳወኩት ግን አላውቅም ነበር። አሁን መስቀል አደባባይ ሳልፍ ባንዲራዎቹን ሳላይ አላልፍም።

ከዛ ጀልባዋ። ለጀማሪ የሚሰጧት ትንሽ ናት፣ አንድ ወይ ሁለት ሰው የምትይዝ። ምሰሶ አላት፣ ሸራ አላት፣ ከሸራው ስር በአግድም የተዘረጋ ቡም የሚባል እንጨት ወይ ብረት አለ፣ ከታች ደሞ ውሃው ውስጥ የሚገባ እንደ ቢላ ያለ ሰሌዳ አለ፣ ሴንተርቦርድ ይሉታል፣ እሱ ባይኖር ንፋሱ ጀልባዋን ወደ ጎን ብቻ ነበር የሚገፋት። በአንድ እጅሽ መሪውን ትይዣለሽ፣ በሌላው ሸራውን የሚስበውንና የሚያላላውን ገመድ። መሪው ከመኪና የተለየ ነው፣ ወደ ግራ ስትገፊው ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ይሄ እጅ እስኪለምደው ሁለት ቀን ይፈጃል።

በጣም የገረመኝ ወደ ንፋሱ ፊት ለፊት መሄድ አለመቻሉ ነው። ከንፋሱ በግራም በቀኝም 45 ዲግሪ ገደማ ያለው ቦታ ለጀልባ ዝግ ነው፣ እዛ ከገባሽ ሸራው ይርገበገባል ትቆሚያለሽ። እና መድረስ የምትፈልጊው ንፋሱ የሚመጣበት ጋ ከሆነስ? ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ አስቡት፣ ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጠውም፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ጀልባም እንደዛ ነው፣ ትንሽ በቀኝ ትሄጃለሽ፣ ትዞሪያለሽ፣ ትንሽ በግራ፣ ታክ ማድረግ ይሉታል። በዞርሽ ቁጥር ቡሙ በጭንቅላትሽ ላይ ያልፋል፣ ስለዚ ጎንበስ። መጀመሪያ ያስተማሩን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ነው፦ ሲጨንቅሽ ገመዱን ልቀቂ። ገመዱ ሲለቀቅ ሸራው ንፋሱን ያፈሳል፣ ጀልባዋ ቀስ ብላ ትቆማለች። ይቺን ሳውቅ ነው ፍርሃቴ ግማሹ የለቀቀኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሆን ብለው ያስገለብጡናል። እውነት ነው፣ ፈተና ነው። ጀልባዋን ገልብጠሽ፣ ሳትለቂያት ዞረሽ፣ ሴንተርቦርዱ ላይ ቆመሽ በክብደትሽ ስበሽ ታቀኛታለሽ። እኔ ስገባ ትንፋሼ ቁርጥ አለ፣ ፀሐይ ነበር፣ ሰው በቲሸርት ነው፣ ውሃው ግን ከተራራ በረዶ የመጣ ይመስላል። እዚህ ጋ እባካችሁ አስተውሉ። እዛ አገር በፀደይ አየሩ ይሞቃል እንጂ ውሃው አይሞቅም፣ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ያስተማሩን አንድ፣ አስር፣ አንድ እያልን ነው፦ ትንፋሽን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግር በደንብ የሚታዘዝበት አስር ደቂቃ ገደማ፣ በቅዝቃዜው ራስን እስከመሳት አንድ ሰዓት ገደማ። ይሄ የሚሰራው ግን ላይፍ ጃኬት፣ ማለት ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ላደረገ ሰው ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ሳያደርግ እንዳይወጣ። ጀልባዋን ትታችሁ ወደ ዳር ልዋኝ አትበሉ፣ ጀልባ ከሰው ጭንቅላት ይልቅ ከሩቅ ይታያል። የጥጥ ልብስም አትልበሱ፣ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ አይደርቅም። ልጅ ያላችሁ ደሞ፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከ19 ፊት (5.8 ሜትር ገደማ) ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዛ በታች ያለ ልጅ ላይፍ ጃኬት እንዲያደርግ ህግ ያስገድዳል።

ለሴቶች፣ ስለ ልብስ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ጀልባ ላይ ማንም ዋና ልብስ ብቻ ለብሶ አይወጣም፣ ይበርዳል፣ ሁላችንም እስከ እጅና እስከ እግር የሚሸፍን ነው የምንለብሰው፣ ሂጃብ የምታደርግ የማሌዥያ ልጅ አብራኝ ተምራለች ማንም ምንም አላላትም። ፀጉር ሹሩባ ብትሰሩ ይሻላል።

ሌላው ስራ ነው። የኤፍ ዋን ቪዛ ያለው ተማሪ በትምህርት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መስራት ይችላል፣ እና እኔ ሁለተኛው ዓመት ላይ እዛው ማዕከል ተቀጠርኩ፣ ላይፍ ጃኬት መስጠት፣ ጀልባ መቀበል፣ መድረክ ማጠብ። ከላይብረሪው ስራ ያነሰ አይከፈልም ነበር፣ ሰው ግን ታገኛለህ፣ የከተማውን ሰው፣ ሽማግሌውን፣ ቤተሰቡን። እንግሊዝኛዬ የተፈታው ክፍል ውስጥ አይደለም፣ እዛ መድረክ ላይ ነው። ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ደመናው ሲገለጥ ሬይነር ተራራ፣ 4,392 ሜትር፣ ነጭ ሆኖ ከሀይቁ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ጀልባዋ ድምፅ የላትም ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄ አገር የኔም ሊሆን ይችላል ያልኩት።

እናቴ ውሃ የኛ አይደለም ትላለች። በዚህ አልስማማም። የጣና ሰው በደንገል ታንኳ ስንት ዘመን ሲቀዝፍ ኖሯል፣ አዱሊስ የአክሱም ወደብ ነበር። እኛ የከተማ ልጆች ነን ያልተማርነው።

ተጓዥ ነኝ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ እህቴ አመሰግናለሁ፣ እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ ማዲሰን ዊስኮንሰን ነው የምሄደው፣ ከሁለት ወር በኋላ። በዚህ እድሜ ዋና ይለመዳል? እዛስ ሀይቁ በረዶ አይሆንም?

መልሴ፦ ወንድሜ በደንብ ይለመዳል፣ እኔ 26 ሆኜ ነው የጀመርኩት። ማዲሰን ሌክ ሜንዶታ ዳር ነው ዩኒቨርሲቲው፣ ሁፈርስ የሚባል የተማሪዎች የሴሊንግ ክለብ አላቸው፣ ስትደርስ ጠይቅ። አዎ ክረምት ላይ ይረጋል፣ ጀልባው ከፀደይ እስከ መኸር ነው፣ ስለዚ ስትደርስ መስከረም ላይ ትንሽ ጊዜ አለህ፣ አታሳልፈው። ሁለት ወር ለዋና ይበቃል፣ በሳምንት ሦስቴ ከሄድክ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ትንፋሽ ቶሎ ያጥርሃል፣ እሱ አያስፈራህ፣ እዛ ዝቅ ያለ ቦታ ነው ይቀልሃል። ገንዳ ከሀይቅ ግን ይለያል፣ ሀይቅ ውስጥ ወለሉ አይታይም፣ ያንን እዛ ሰው ባለበት ነው የምትለምደው።

ጡረተኛው እንዲህ አሉ፦ ልጄ ጥሩ ፅፈሻል። እኔ በወጣትነቴ ምፅዋ ባህር ኃይል ነበርኩ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ንፋስ ከፊት ሲሆን መዞሩን ተናግረሻል፣ ንፋስ ከኋላ ሲሆን ስትዞሪ ግን ቡሙ እንደ ዱላ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዛ ጋ ነው። ልጆቹ እሱን ሳይለምዱ ንፋስ በበዛበት ቀን አይውጡ።

መልሴ፦ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እውነትዎን ነው፣ ጃይብ የሚሉት እሱን ነው፣ መፃፍ ነበረብኝ። እኛንም ንፋሱ ቀለል ባለ ቀን ብቻ ነበር ያስለመዱን። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ደውሎ እሺ ብሏል፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ሂልተን ገንዳ ልወስደው ነው፣ የፍል ውሃ ስለሆነ ለጀማሪ አይበርድም። ጊዜ ካለዎት ቢመጡና የሚያውቁትን ቢነግሩት ደስ ይለናል፣ አክስቴም እመጣለሁ ብላለች፣ ዳር ቁጭ ብላ ልታይ።