የ12 ሰዓቱ ኪኒን በ1 ሰዓት አለቀብኝ፤ ድረሱልኝ!

ቀስ_በቀስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዲሶሉሽኑ (ኪኒኑ መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደሚለቅ የምንለካበት ሙከራ) አሁን እየሄደ ነው። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን በ12 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ መልቀቅ የነበረበት ኪኒን በመጀመሪያው ሰዓት 68 በመቶውን ለቀቀው። የሞከርኳቸው ስድስቱም ኪኒኖች እንደዚያው ናቸው። መድኃኒቱን ይዞ የሚያዘገየው ፖሊመር ኤችፒኤምሲ ነው። ነገ ጠዋት ውጤት አቀርባለሁ። ምን ላድርግ?

ጠብታ፦
ፖሊመር ጨምሪ።

የድሮ_መምህር፦
እህቴ፣ ከመሠረቱ እንነሳ። ኤችፒኤምሲ ውሃ ሲነካው ያብጥና ኪኒኑን በጄል ይሸፍነዋል። የሟሟው መድኃኒት በዚያ ጄል ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ዲፊዩዥን የምንለው ይህንን ነው። ጄሉም ከላይ ከላዩ እየተሸረሸረ ይሄዳል። ጊዜው በገፋ ቁጥር መድኃኒቱ ከውስጥ እስኪወጣ የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሂጉቺ በ1961 ያወጣው ቀመር የሚለቀቀውን መጠን ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ያያይዘዋል። በ1 ሰዓት 20 በመቶ ከወጣ፣ በ4 ሰዓት የሚወጣው 80 ሳይሆን 40 ነው።

ቀስ_በቀስ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የኔው ግን በ1 ሰዓት 68 ነው እኮ!

ማጣሪያ፦
ኪኒኑ ነው የተበላሸው ያለሽ ማነው? ስድስቱም እኩል ከሳቱ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስሌቱን ነው። ናሙናውን ስንት እጥፍ አቀጠንሽው? ማማሰያው ፓድልስ በስንት ይዞራል?

ቀስ_በቀስ፦
ስሌቱን ሁለቴ አይቼዋለሁ። ፓድል በደቂቃ 50 ዙር፣ 900 ሚሊ ሊትር፣ 37 ዲግሪ።

ጠብታ፦
ፖሊመር ጨምሪ።

ምላጭ፦
ቁጥሩን ለጊዜው ተይውና ኪኒኑን እዪው። አንድ አዲስ አስገቢና በ15ኛው ደቂቃ አውጥተሽ በምላጭ ለሁለት ክፈዪው። ዙሪያውን የሚያዳልጥ ግልጽ ጄል፣ መሃሉን ደረቅ ነጭ ሆኖ ማየት አለብሽ።

እንግዳ፦
ይቅርታ፣ እኔ ከሙያው ውጪ ነኝ። አባቴ እንዲህ ያለውን ኪኒን መዋጥ አቅቶት ልንፈጭለት ነበር። አይሆንም ማለት ነው?

የድሮ_መምህር፦
በፍጹም እንዳትፈጩት! ሲፈጭ ጄሉ አይሠራም፣ የቀኑ መድኃኒት ባንዴ ይለቀቃል። በሌላ መልክ እንዲቀየርለት ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን አነጋግሩ። ደግሞ ሰገራው ላይ ኪኒን የሚመስል ልፍስፍስ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ወጥቶለት የቀረው ፖሊመር ነው።

ቀስ_በቀስ፦
ከፈትኩት። ጄል የሚባል ነገር የለም። ጠርዙ ተፈርፍሯል፣ ዕቃው ሥር ዱቄት ተቀምጧል። ለካ አልነገርኳችሁም፤ ኪኒኑ ትልቅ ስለሆነብኝ ፖሊመሩን ከ30 ወደ 15 በመቶ አውርጄዋለሁ። የውፍረት ደረጃው ኬ4ኤም ነው።

ጠብታ፦
ይኸው! ከመጀመሪያው ምን አልኩ?

ምላጭ፦
ጠብታ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ብቻ አልነገረሽም። በ15 በመቶ የፖሊመሩ ቅንጣቶች ተራርቀዋል። አብጠው እርስ በርስ ሳይያያዙ ውሃው በመሃላቸው ገባ። ሜትፎርሚን ደግሞ ውሃ ውስጥ በጣም ስለሚሟሟ ክፍተት ካገኘ አይጠብቅም። ወደ 30 መልሺው፣ ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። የደቀቀውን ዓይነት ተጠቀሚ፤ ሻካራው ቶሎ አያብጥም። ደረጃውን ብቻ ወደ ወፍራሙ ኬ100ኤም ቀይሮ መጠኑን እዚያው መተው አያዋጣም። ጄሉ ካልተያያዘ ውፍረቱ ምን ይሠራል? የኪኒን ማተሚያውንም አታጥብቂ፤ ኤችፒኤምሲ ላይ ጥንካሬ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። የድሮዎቹ ባለ 30 በመቶ ኪኒኖች ተርፈውሻል? ካሉ አሁኑኑ ከባለ 15 በመቶዎቹ ጎን አስገቢያቸው። ልዩነቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ነገ ሁለቱን አብረሽ አቅርቢ።

ቀስ_በቀስ፦
3 አገኘሁ! ገብተዋል። 10 ደቂቃ ሆናቸው፣ ጠርዛቸው መስታወት እየመሰለ ነው።

ማጣሪያ፦
ናሙና ስትወስጂ የወሰድሽውን ያህል መልሺ፣ ካልመለስሽም ስሌቱ ውስጥ አስገቢው።

ምላጭ፦
እህት፣ 2 ሰዓቱ አለፈ። ስንት አነበብሽ?

ጠብታ፦
እኛም እየጠበቅን ነው።