ተራኪ ግጥም ስተነትን ምጣኔው ላይ ተያዝኩ

የግጥም ነገር የምታውቁ፣ እባካችሁ አግዙኝ። አንድ ረጅም ተራኪ ግጥም እየተነተንኩ ነው። አብዛኛው ወል ቤት በሚባለው ምጣኔ (የቀለም ልክ) የተገጠመ ነው፤ ሐረጉ (የስንኙ ግማሽ) 6፣ ስንኙ 12 ቀለም (ሲነበብ የሚሰማ የድምፅ ክፍል)። ጀግናው ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን ድንገት 5 በ5 ይሆንብኛል። ሰንጎ መገን (ሐረጉ 5፣ ስንኙ 10 ቀለም የሆነው ምጣኔ) ልበለው ወይስ ሳድሶቹ (እንደ «ል» እና «ጅ» ያሉት፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ የሚነበቡ ፊደሎች) ናቸው የሚያምታቱኝ? ለምሳሌ «ልጅነቱ» 3 ቀለም ነው 4? ሳነበው ሁለቱም ያስኬዳል።

ቤት አመታቱ (የስንኞቹ መጨረሻ ድምፅ መመሳሰል) ግልጽ ነው፤ ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ይሄዳል።

ድግግሞሹ ደግሞ በጣም ደስ ይላል! «ተሻገረ» በየአንጓው (በየስንኞቹ ክፍል) መጨረሻ ይመለሳል። መጀመሪያ ወንዙን ነው የሚሻገረው፣ በኋላ ፍርሃቱን፣ መጨረሻ ላይ ሞትን። ቃሉ ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ይጨምራል። ይህንን ከምጣኔው ለውጥ ጋር ባያይዘው ያስኬዳል? ወይስ ለየብቻ ልተንትናቸው?