ድመት ያለባቸው የወንጀል ልቦለዶች ምናቸው ይማርካል? በጎጃም ምድርስ እንዴት ይጻፋሉ?

የማርቆስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዚ ሚስትሪ የሚባሉትን ልቦለዶች ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ሰዎች እዚህ አላችሁና ጥያቄዬን ላቅርብ። ትንሽ ከተማ፣ አንድ ወንጀል፣ ፖሊስ ያልሆነ ተራ ሰው የሚመረምረው፣ ደም የማይታይበት ታሪክ፣ ከሽፋኑ ጀምሮ የማትጠፋ ድመት። ውሻ የተሻለ ይታዘዛል፣ ዱካ ይከተላል፣ ሌባ ይይዛል። ታዲያ አንባቢ ለምን ድመቷን መረጠ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ ይህንኑ ዓይነት ታሪክ በአማርኛ፣ ጎጃም ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በቴሌግራም በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ እያልኩ ማውጣት እፈልጋለሁ። ድመቷ ትናገር ወይስ ዝም ትበል? ፍንጩንስ በምን መንገድ ታምጣው? "ድመቷ ጮኸች፤ ሄደው ሲያዩ ዕቃው ተገኘ" ዓይነት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ሞጣዊት

ወንድምዓለም፣ ውሻው የሚቀርበት ምክንያት አንተው የዘረዘርከው ነው። ይታዘዛል። የሚታዘዝ እንስሳ ያገኘውን ለጌታው ያስረክባል፣ ምርመራውም በሁለት ገጽ ያልቃል። ድመት የማንም ጓዳ ትገባለች፣ ማንም "ምን ፈለግሽ?" አይላትም። ጎረቤት ሰው ሲገባበት ወሬውን ያቋርጣል፤ ድመት ብትገባ አያቋርጥም። ስለዚህ የመንደሩን ምስጢር ሁሉ ያየች ምስክር እሷ ናት፣ ምስክርነቷን የምትሰጠው ግን በጠባይዋ ብቻ ነው፦ የት እንደተኛች፣ ምን አልበላም እንዳለች፣ ከማን እንደሸሸች። አንባቢው ይህን ሁሉ ከባለታሪኳ እኩል ያያል። ማን ቀድሞ ይፈታዋል የሚለው እሽቅድምድም ነው መጽሐፉን የማያስጥለው።

ሌላው ደግሞ የቤት ሙቀት ነው። ወንጀል አለ፣ ሐሜት አለ፣ ጥርጣሬ አለ፤ ማታ ግን እሳት ዳር ተጠቅልላ ኩርር የምትል ድመት አለች። ዓለም እንዳልፈረሰ አንባቢው የሚያውቀው በእሷ ነው። ከዚህ የተነሣ ድመቷ እንድትሞት አይፈቀድም። ልትጠፋ ትችላለች፣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ልትፈለግም ትችላለች፣ ግን ትመለስ።

መናገሯን በተመለከተ ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። ሊሊያን ጃክሰን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረችው ተከታታይ ውስጥ ኮኮ የተባለው የሲያም ድመት አንድ ቃል አይናገርም፤ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይጥላል፣ የሚተረጉመው ጋዜጠኛው ጌታው ነው። እስከ 1968 ሦስት መጽሐፍ ወጣ፣ ከዚያ 18 ዓመት ተቋርጦ በ1986 ተመለሰ፤ ያን ያህል ቆይቶም አንባቢ ነበረው። በሪታ ሜይ ብራውን ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በተጀመረው፣ ድመቷና ውሻዋ እርስ በርስ ያወራሉ፣ ሰዎቹ ግን አይሰሟቸውም። ሦስተኛው መንገድ ድመቷ ራሷ ተራኪ የምትሆንበት ነው።

ለአንተ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የእኛ አንባቢ የሚናገር እንስሳ ሲያይ ልቡ ወዲያው "ተረት ተረት፣ የላም በረት" ይላል፤ በተረት ውስጥ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። የወንጀል ታሪክ ያለ ማስረጃ አይቆምም። ዝም ያሰኛት።

ዘዋሸራ

ልጄ፣ ፍንጭ መሰወር ለመማር ከጎጃም አትውጣ። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ቅኔ የዘለቀ ሰው ኅብረ ቃል ምን እንደሆነ ያውቃል፦ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይቀመጣል፣ ሰሙ ለሁሉ ይታያል፣ ወርቁ ለፈታው። የድመቷም ድርጊት እንዲሁ ሁለት ፍቺ ይኑረው። ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው ሰሙን ስስ አድርጎ ነው። አንባቢው በሰሙ ረክቶ ካላለፈ "ይህ ነገር ለምን ተነገረኝ?" ይልና ወርቁን በምዕራፍ ሁለት ያወጣዋል።

ምሳሌ ልስጥህ። ሁዳዴ ነው እንበል። የባለታሪኳ ድመት ከመንደር ስትመለስ በሁለቱ ትከሻዋ መካከል ቅቤ ይገኝባታል። ሰሙ፦ አንድ ሰው ጾም ገድፏል። መንደሩ ይህን ይዞ ያማል፣ ሁለት ምዕራፍ በዚያ ይሄዳል፤ ሐሜቱም እውነተኛ ነውና ሙሉ ነው። ወርቁ፦ ቅቤው የወጥ አይደለም፣ የራስ ነው። ባሏ ሞቶባት "ሐዘን ላይ ነኝ" ብላ ከሰው የራቀች ሴት ፀጉሯን ተቀብታ ነበር፤ በዚያው በቅባት እጇ ድመቷን ዳብሳታለች። ሐዘንተኛ ፀጉሯን አትሠራም፣ አትቀባም። ታዲያ ወዴት ልትሄድ ነበር?

ሁለቱን ቅቤ የሚለየው ሽታው ነው። የወጥ ቅቤ ተነጥሯል፣ ኮረሪማና ኮሰረት ይሸታል። የራስ ቅቤ ለጋ ነው፣ አደስ የሚባለው መዓዛማ ቅጠል ከገባበት ደግሞ ሽታው አይሳትም። ባለታሪክህ ድመቷን ስታቅፍ አደስ ሸተታት በል፣ ወዲያው ሌላ ሦስት ሽታ ጨምርና አሳልፈው።

ቅቤውን ጢሟ ላይ እንዳታደርገው። ድመት በልታ እንደጨረሰች ፊቷን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ መዳፏን ትልሳለች፤ ለነገ የሚቆይ ነገር የለም። በትከሻዋ መካከል ግን ምላሷ አይደርስም።

ጎዛምን

ዘዋሸራ ያሉት ላይ አንድ እርማት ብቻ፦ ጾሙ ሁዳዴ ባይሆን። ሁዳዴ በአብዛኛው ደረቅ ወራት ላይ ነው፤ ጭቃ የለም፣ ወንዝ አልሞላም፣ ተጠርጣሪው በፈለገው ቀን ተነሥቶ ይሄዳል። ፍልሰታ አድርገው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ክረምቱ ጠንክሯል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ የሰው ሁሉ ሰበብ ጠቧል። በሁዳዴ ቤት ውስጥ ቅቤ ቢገኝ "ለሕፃኑ ነው" ይባላል፤ በፍልሰታ ግን ልጆችም ስለሚጾሙ ይህ ማምለጫ ይዘጋል፣ ሐሜቱም ይበልጥ ይከርራል። የሙስሊም ጎረቤት ካለ ግን አስቀድመህ ከጥርጣሬው በምክንያት አውጣው፤ አለዚያ አንባቢው "ከእነሱ ቤት ነዋ!" ብሎ ይዘጋዋል።

አሁን ስለ ድመቷ ራሷ። እያንዳንዱ ፍንጭ ማንኛዋም ድመት ከምታደርገው ነገር ካልወጣ አንባቢ አያምንህም።

ድመት ጣፋጭ አታጣጥምም። የጣፋጭ ጣዕም መቀበያውን የሚሠራው ዘረመል በድመቶች ዘንድ እንደማይሠራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል። እንግዲህ "ማሩን ድመቷ ጨረሰችው" የሚል ተጠርጣሪ ዋሽቷል ማለት ነው። ማር በሞላበት በእኛ አገር ከዚህ የተሻለ የሚያጋልጥ ውሸት አይገኝም፤ ሲነገር ተራ ነገር ይመስላልና። ብቻ ማሩ ከቅቤ ጋር የተለወሰ አይሁን፣ ለቅቤው ስትል ልትልሰው ትችላለች።

ዱካዋ ክብ ነው፣ አራት ጣት ይታያል፣ ጥፍር አይታይም፤ ስትራመድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ስለምትሰበስብ። በውሻ ዱካ ላይ ጥፍሩ ይታያል። የኋላ እግሯን የፊተኛው በረገጠበት ላይ ታሳርፋለች፣ ስለዚህ ዱካዋ ከሚገባው በግማሽ ያነሰ ይመስላል። ጥፍር የታየበት የድመት ዱካ ጭቃ ላይ ካለ ተንሸራታለች ወይም ደንግጣ ዘላለች፤ ከደነገጠች ያስደነገጣት ነገር ከቅርብ ነበረ።

"ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልነበረበትም" በተባለ ቤት ድመቷ ምጣዱ ላይ ተኝታ ከተገኘች ምጣዱ እሳት አይቷል። ሸክላ ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ እሷም ሞቃቱን ቦታ ከሰው ቀድማ ታገኘዋለች። በነሐሴ ብርድ ድመት ምጣድ ላይ መተኛቷ ማንንም አይገርምም። ጥሩ መደበቂያ ነው።

ሦስት ቀለም ያላት ድመት ሁልጊዜ ለማለት ጥቂት ሲቀር ሴት ናት፤ ወንድ ሆኖ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው። ለዋና ማስረጃ ግን አትጠቀምበት፣ አንባቢው "ብርቁ ቢሆንስ?" ይልሃል።

ካረገዘች ደግሞ ቀኑን ቁጠር። እርግዝናዋ ከ63 እስከ 65 ቀን አካባቢ ነው፣ ልጆቿ ዓይናቸውን የሚገልጡት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ቆጥ ላይ ወልዳ በማግስቱ ልጆቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ነክሳ ካዛወረች የነካካት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ቆጡ ላይ ማን ወጣ የሚለውን ከዚያ ታመጣለህ።

እባክህ ይህንንም አደራ፦ ባለታሪክህ ለታመመች ድመት ፓራሲታሞል እንዳትሰጣት። ድመትን ይገድላል፣ አንባቢህም ካንተ ሊማረው ይችላል።

የማርቆስ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም። ፍልሰታውን ወስጃለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። በእነዚህ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ሰብስቦ እውነቱን ያፈነዳል። በእኛ ከተማ ያንን ሁሉ ሰው ማን ይሰበስበዋል? ደግሞስ የግድ ሰው መሞት አለበት?

ዘዋሸራ

ሰብሳቢውማ ከጥንትም ነበረ። አውጫጭኝ ምን ሆነና? አፈርሳታም ይሉታል። ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይመራል፣ ያየ የሰማ እንዲናገር ይጠየቃል። በስውር ወሬ የሚያቀብለው ሰው ወፍ ይባል ነበር። ሌባው ካልተገኘ አገሩ በጋራ ይከፍላል፤ ስለዚህ ዝም ያለ ሁሉ ከኪሱ ይጎዳል። በፈረንጁ ታሪክ ተጠርጣሪዎቹ የሚመጡት ጸሐፊው ስለፈለጋቸው ነው፤ እዚህ ግን መምጫ ምክንያት አላቸው። ታሪክህ በድሮ ዘመን ከሆነ እንዳለ ውሰደው። የዛሬ ከሆነ የዕድር ስብሰባ አድርገው፣ የጠፋውም የዕድሩ ሣጥን ይሁን።

ስለ ሞቱ፦ አልመክርህም። እኛ ዘንድ ሞት ከገባ ለቅሶ ይገባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ። ይህን ሁሉ ዘለህ ወደ ምርመራ ብትሮጥ አንባቢው ይታዘብሃል፤ በሚገባው ክብር ብትጽፈው ደግሞ የታሪኩ ለስላሳነት ይጠፋል። የሴትዮዋ ባል ሞት ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት የሆነ ይሁን። ስርቆት ይበቃሃል።

ሞጣዊት

እኔ ሞቱን ያን ያህል አልፈራውም፣ ለመጀመሪያ ሥራ ግን ዘዋሸራ ልክ ናቸው። አሁን ወደ አሠራሩ።

ሣጥኑ የሚጠፋበትን ማታ ነሐሴ 12 አድርገው፤ የቡሄ ዋዜማ ስለሆነ ችቦ ይበራል፣ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች በየግቢው ስለሚገቡ ከድመቷ ሌላ ሁሉም ቤት የደረሱ ምስክሮች እነሱ ናቸው፤ አዋቂ ደግሞ አይጠይቃቸውም። ስብሰባው 16 ላይ፣ ጾሙ ሲፈታ ይሁን። በመካከል ያለህ ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ታሪኩ አይላላም። ከ12 በፊት ያሉትን ቀናት ሰዎቹን ለማስተዋወቅ ተጠቀምባቸው። ሴትዮዋን ብቻዋን አታሳያት፤ ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከስርቆቱ ጋር የማይገናኝ የሚደብቁት ነገር ይኑራቸው፣ አለዚያ የምትዋሸው አንድ ሰው ብቻ ትሆናለች።

የአደሱ ሽታ ስርቆቱ ከመድረሱ በፊት፣ በገበያ ትዕይንት ውስጥ አንዴ ይግባ። ቅቤው 13 ጠዋት ይታይ። የማሩን ውሸት ለሌላ ሰው ስጠው፤ እሱ የደበቀው ነገር ሲጋለጥ ሁሉም ጥርጣሬ ወደ እሱ ይዞራል፣ ሴትዮዋ ታርፋለች። ድመቷን በአንድ ምዕራፍ ከአንዴ በላይ አታምጣት፤ በየገጹ ከመጣች አንባቢው እሷን ብቻ እየጠበቀ ሌላውን ይዘለዋል። ፍንጭ በሌለበት ምዕራፍም እንዲሁ ትግባ፣ ትተኛ፣ ትውጣ። እሷ በታየች ቁጥር ፍንጭ ካለ ሁለቱም ይታወቃሉ።

የእንግሊዝኛዎቹ በአብዛኛው ከ60,000 እስከ 80,000 ቃል ናቸው። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚጠቀልል ያን ያህል አያስፈልግህም፤ ለቴሌግራም ደግሞ 12 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 1,500 ቃል ገደማ ቢሆን ይበቃል። የመጀመሪያውን ከመለጠፍህ በፊት የመጨረሻውን ጽፈህ ጨርስ። አንባቢ በአስተያየት መገመት ሲጀምር መፍትሔውን ለመቀየር ትፈተናለህ፤ የወጣውን ምዕራፍ ብታርም ደግሞ መታረሙ ከመልእክቱ ሥር ይታያል፣ ፍንጩ የት እንደነበረ ራስህ ጠቆምክ ማለት ነው።

አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4,096 ፊደል በላይ አይይዝም፣ ስለዚህ ምዕራፉ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል። የት እንደሚቆረጥ አንተ ወስን። የመልእክቱ የመጨረሻ መስመር ከሁሉ በላይ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ እዚያ ንግግር ወይም ጠብ አስቀምጥ፤ ቅቤውን፣ አደሱን፣ ምጣዱን ከመልእክቱ መካከል፣ ከረጅሙ አንቀጽ ውስጥ አስገባቸው።